ትንሿ መስኮት

በቀብርና በተዝካር፣ በሠርግና በክርስትና ላይ ካሜራ ተክሎ ለሩቅ ዘመድ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሰው ውሎ ሳያድር የሚረዳው ነገር አለ፤ አቤቱታ የሚመጣው ሁልጊዜ ከትልቁ ስክሪን ነው። «ምስሉ ደብዘዝ ብሏል»፣ «የካህናቱ ልብስ ጥልፉ አይለይም»፣ «የባለፈው ሳምንት ይሻል ነበር» የሚሉት መልእክቶች የሚጎርፉት በሳሎኑ ግድግዳ ላይ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ከሰቀለውና ኢንተርኔቱ ከማይቋረጥበት ወገን ነው። የትንሹ ስክሪን ባለቤት አያማርርም። ምክንያት ጠፍቶት ግን አይደለም። ሥርጭቱ ያልደረሰው ሰው «አልደረሰኝም» ብሎ የሚጽፍበት መስመር ያው ሥርጭቱን ያላደረሰለት መስመር ነውና ነው።

ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን ዙሪያ ካሉት አብያተ ክርስቲያናታችን በአንዷ የቀጥታ ሥርጭቱን በበጎ ፈቃድ ከሚያሰናዱት አንዱ ስለ ሆንሁ ነው። አንድ ካሜራ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ከድምፅ ማጉያው የሚመጣ ገመድ፤ ዕቃችን ይኸው ነው። ላየው ሰው ሥራው ቀላል ይመስላል። ክብደቱ የሚታወቀው ያንን አንድ ምስል ስንት ዓይነት ዓይን እንደሚጠብቀው ሲያስቡት ነው።

አንድ ቀብር ላንሣ። ሟቹ ሃምሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሙ እዚሁ እኛው ዘንድ ናቸው፤ የአጎቱ ልጆች ዳላስ ናቸው፤ አንዲት የእኅቱ ልጅ ጀርመን አገር ትማራለች፤ ታናሽ እኅቱ ሪያድ ውስጥ በሰው ቤት ትሠራለች፤ እናቱ ደግሞ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ ይኖራሉ። ፍትሐቱ እዚህ ቅዳሜ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲጀመር በእናትየው አገር ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር፤ በሪያድም እንዲሁ፣ የሁለቱ አገሮች ሰዓት አንድ ነውና። ዳላስ ያሉት በቴሌቪዥን፣ ጀርመን ያለችው በባቡር ውስጥ በላፕቶፕ፣ ሪያድ ያለችው ማድ ቤት ውስጥ ስልኳን በጣሳ አስደግፋና በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰክታ፣ እናት ደግሞ ለቀስተኛ በሞላው ቤት ውስጥ በጎረቤት ልጅ ስልክ ይጠብቃሉ። ሟቹ አንድ ነው፤ ፍትሐቱም አንድ ነው፤ የሚታይባቸው መስኮቶች ግን አይመሳሰሉም።

እንግዲህ ቁጥሩን እንየው። በተለምዶ የምንልከው ምስል በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን 73 ሺህ ፒክሰል በላይ ይሆናል። በደካማ መስመር ላይ ላለ ስልክ የሚደርሰው 640 በ360 ቢሆን 230 ሺህ 400 ፒክሰል ነው፤ የመጀመሪያው አንድ ዘጠነኛ። መስመሩ ይበልጥ ከደከመ 426 በ240 ይሆናል፤ ያ ደግሞ ሃያኛው እጅ ነው። ዳላስ ያለው ሰው ሃያ ነጥብ በሚያይበት ቦታ ለእናት የምትደርሳቸው አንዲት ነጥብ ናት ማለት ነው። (እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 በዩቲዩብ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ቪድዮ፣ ያ በእንስሳት ማቆያ ውስጥ የተነሣው የ19 ሰከንድ ፊልም፣ 320 በ240 ነበር። ቴክኖሎጂው ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደ ገሠገሠ ሲነገረኝ ይህን አስባለሁ። ብዙም ያልገሠገሠላቸው ሰዎች አሉ።)

ደግነቱ ዛሬ አንዱን ምስል ለየሰው በልኩ መስፋት ይቻላል። ከእኛ ላፕቶፕ የወጣው ምስል አንድ ሰርቨር ዘንድ ይደርሳል፤ ሰርቨሩ በ1080፣ በ720፣ በ480፣ በ360፣ በ240 እያደረገ ያባዛዋል። እያንዳንዱም ከሁለት እስከ ስድስት ሰከንድ በሚሆን ቁራሽ ይከፋፈላል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ኤች.ኤል.ኤስ. የተባለው ሥርዓት የሚሠራው እንዲህ ነው፤ ሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይርቁም። የተመልካቹ ስልክ ቁራሹን እየተቀበለ ፍጥነቱን ይለካል። መስመሩ ሲሰፋ ወደ ጠራው፣ ሲጠብ ወደ ደበዘዘው ይሄዳል። ባለሙያዎቹ መሰላል ይሉታል፤ ስሙ ደስ ይለኛል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው መራመድ የሚቻለው ግን በማንኛውም ቅጽበት አይደለም። ቪድዮ ሲጓዝ ሁሉም ምስል ሙሉ ሆኖ አይጓዝም፤ አንድ ሙሉ ምስል ይላካል፣ ከዚያ በኋላ የተለወጠው ብቻ ይከተላል፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና ሙሉ ምስል ይመጣል። ስልኩ ደረጃ መቀየር የሚችለው በዚያች በሙሉዋ ምስል ላይ ነው። ስለዚህ በየሁለት ሰከንዱ አንድ ሙሉ ምስል እንድትላክ አድርጌ አስቀምጣታለሁ። ይህቺ ትንሽ ቁጥር ከተዛባች መሰላሉ ቆሞ ይታያል እንጂ የሚረገጥ ርብራብ አይኖረውም።

ይህ ማባዛት ለሁሉም የሚደረግ አለመሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። አንዳንዱ አገልግሎት ተመልካቹ ጥቂት ለሆነ ቻናል ዋስትና አይሰጥም፤ እንደ ላኩለት ያስተላልፋል። ያን ጊዜ 1080 ከላክን ለእናትም የሚቀርብላቸው 1080 ብቻ ነው፤ የሚሽከረከር ክብ ያያሉ ማለት ነው። ስለዚህ ከሥርጭቱ ቀን በፊት በአሮጌ ስልክ ላይ ከፍቼ የታችኞቹ ደረጃዎች በእርግጥ መኖራቸውን ሳላይ አልተኛም።

ከመስመሩ ጥበት ሌላ ደግሞ ኪስ አለ። 1080 በሰከንድ 4.5 ሜጋቢት ቢፈስስ በሰዓት 2 ጊጋባይት ያህል ይበላል። ሦስት ሰዓት ለሚፈጅ ሥርዓት 6 ጊጋባይት መሆኑ ነው። የታችኛው ደረጃ 0.4 ሜጋቢት ቢሆን በሰዓት 180 ሜጋባይት፣ በሦስት ሰዓት 540 ሜጋባይት። እዚህ በወር አንድ ጊዜ ከፍሎ ለሚረሳው ሰው እነዚህ ቁጥሮች ትርጉም የላቸውም። ዳታ በጥቅል እየገዛ ሜጋባይቱን ለሚቆጥር ሰው ግን ቀብሩን እስከ ፍጻሜው በማየትና በመሐል በመቅረት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ውስጥ ነው። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ለእናት ሲሰጥ የሰጠው ስልክ ብቻ አይደለም።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ከቀብሩ በፊት ባለው ምሽት ደወሉልኝ። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በዕድሜም በምግባርም ይገባቸዋል።

«በ4ኬ ይሁን» አሉኝ። «ገንዘብ ከሆነ እኔ እከፍላለሁ።»

«ጋሼ፣ የገንዘብ አይደለም። አዳራሹ ወደ ውጭ የሚልክበት መስመር 6 ሜጋቢት ነው። 4ኬ የ1080 አራት እጥፍ ፒክሰል አለው፤ አያልፍም።»

«1080ስ?»

«ያልፋል፤ ግን አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነው። ነገ የሚመጣው ሕዝብ ስልኩን ከዚያው ዋይፋይ ጋር ሲያገናኝ ሁሉም ይቆማል። 720 እንላክ።»

ጥቂት ዝም አሉና «የወንድሜ መሸኛ የደበዘዘ አይሁን ልጄ» አሉ።

ይህን እንደ ከንቱ ውዳሴ የሚቆጥረው ይኖር ይሆናል። እኔ አልቆጠርሁትም። በአገራችን የሟች ክብር በሚታይ ነገር ይገለጣል፤ በድንኳኑ ስፋት፣ በለቀስተኛው ብዛት፣ ፎቶግራፉን ይዘው በሚወጡት ሰዎች። በሰው አገር የሞተ ሰው እናቱ ደጃፍ ድንኳኑ ቢተከልም ሬሳው የለም። ለጋሼ የምስሉ ጥራት የዚያ ምትክ ነበር። በእርሳቸው ዓይን 720 ማለት ድንኳኑን ማሳነስ ነው። ሁለት ሐዘን በአንድ ቁጥር ላይ ሲጋጭ ያየሁት ያን ምሽት ነው። አንዱ ለሟቹ የሚገባው ክብር፣ ሌላው ለእናቱ የሚደርሰው ነገር።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ካሜራው በራሱ ካርድ ላይ በ4ኬ ይቅረጽ፤ ወደ ውጭ የሚላከው ግን 720 ይሁን፣ በሰከንድ 2.5 ሜጋቢት፣ ከመስመሩ ግማሽ በታች። ክብሩ ካርዱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ድምፁና መልኩ ደግሞ ዛሬውኑ ይድረስ። 720 ከ360 አራት እጥፍ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው ዝቅ ባለ ቁጥር ወደ ታች የሚወርደው ገደል ያጥራል። ከዳላስ አቤቱታው እንደሚመጣ አውቄ ነበር። መጣም።

ስለ ዕጣን የምለው አለኝ። በዚህ ሥራ ላይ የተጻፉ መመሪያዎችን ብዙ አንብቤአለሁ፤ ስለ ኳስ ጨዋታ፣ ስለ ኮምፒዩተር ጌም፣ ስለ ስብሰባ ይናገራሉ። ስለ ዕጣን የሚናገር አላገኘሁም። ምስሉን የሚያጭቀው ኢንኮደር የሚቆጥበው ያልተለወጠውን ባለመላክ ነው አላልሁም? ጸጥ ያለ አዳራሽ፣ የማይንቀሳቀስ መጋረጃ፣ የተዘረጋ አስከሬን ርካሽ ናቸው። ካህኑ ጽናውን ይዘው አስከሬኑን ሲዞሩና ጢሱ ሲወጣ ግን በምስሉ ላይ ያልተለወጠ ነጥብ አይገኝም። ጢስ ቅርጽ የለውም፣ ጠርዝ የለውም፣ ወደ የት እንደሚሄድ አይተነበይም። ኢንኮደሩ ያለው ቢት አይበቃውም፤ ምስሉም ሳጥን ሳጥን ይሆናል። በ1080 ላይ ጥቂት ይረበሻል፤ በ240 ላይ ካህኑም፣ ሣጥኑም፣ መስቀሉም በግራጫ ሳጥኖች ውስጥ ይጠፋሉ። የሥርዓቱ ክቡር ቅጽበት በትንሹ ስክሪን ላይ ከሁሉ የከፋው ምስል ነው። ጥቁር ልብስም እንዲሁ ያስቸግራል፤ አሥር ሐዘንተኞች ጎን ለጎን ቆመው አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ይመስላሉ። የነጠላው ጥለት ደግሞ ከነጥቦቹ በቀጠነ ጊዜ ወይ ይጠፋል ወይ ይንቀጠቀጣል።

ለዚህ ፍቱን መድኃኒት የለም። ማቅለያ ግን አለ። ካሜራው በእግሩ ላይ ይቁም፤ በእጅ የተያዘ ካሜራ ባንቀጠቀጠ ቁጥር ምስሉን በሙሉ ይለውጠዋልና ቢቱን ለከንቱ ያስጨርሳል። ጢሱ ሲወጣ ካሜራውን አናዞርም፣ አናቀርብም፣ አናርቅም። በሰከንድ 30 ምስል ይበቃል፤ 60 የሚያስፈልገው ለኳስ ነው። መብራቱንም ከጢሱ ጀርባ ሳይሆን ከፊት እናደርገዋለን፤ ከኋላ የበራ ጢስ ለዓይን ቢያምርም ለኢንኮደር መቅሠፍት ነው።

ከምስሉ ግርጌ የምንጽፈው ጽሑፍ ሌላው ነው። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ቁመት ያለው ፊደል በ1080 ላይ በምቾት ይነበባል። ያው ምስል ወደ 360 ሲወርድ ፊደሉ 12 ነጥብ፣ ወደ 240 ሲወርድ 8 ነጥብ ይሆናል። የላቲን ፊደል በስምንት ነጥብ ውስጥ እንደምንም ይተርፋል። የእኛ ግን ድምፁን የሚለየው በእግሩ ላይ ያለች ቅጥያ፣ በወገቡ ላይ ያለች ጭረት ናት። በስምንት ነጥብ ውስጥ «ጁ» እና «ጇ» አንድ ናቸው፤ «ልጁ» ይሁን «ልጇ» የሚለይ የለም። በሐዘን ቀን የሚጻፍ ነገር ሁሉ ደግሞ የማን ልጅ፣ የማን ወንድም፣ የማን አባት እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ ከምስሉ ቁመት ከአሥራ ሁለተኛው እጅ ያነሰ ፊደል አልጽፍም። በቴሌቪዥን ላይ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ገዝፎ ይታያል። ይሁን።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ነጥቡ ብዛት ነው። የመስኮቱ ቅርጽ ሌላ ጣጣ አለው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት 16 በ9 ከሰማይ የወረደ አይደለም። ከርንስ ፓወርስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው ነው። በዚያ ዘመን የነበሩትን የፊልምና የቴሌቪዥን ቅርጾች በስፋታቸው እኩል አድርጎ ቆረጣቸውና መሐላቸውን አጋጥሞ ደራረባቸው። ሁሉንም የሚያቅፈው የውጭው አራት ማዕዘንና ሁሉም የሚጋሩት የውስጡ አራት ማዕዘን አንድ ዓይነት ቅርጽ ሆነው ተገኙ፤ ወደ 1.77 ለ1 የሚጠጋ። የማንንም ፍላጎት ሙሉ በሙሉ አይሞላም፤ ማንንም ደግሞ ብዙ አይጎዳም። ያን የመሰለ ሽማግሌ ዘንድሮም ባገኘን! ምክንያቱም ፓወርስ ከደራረባቸው ቅርጾች መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ አልነበረም።

ዛሬ ብዙው ስልክ ቁመቱ ከወርዱ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ስልክ አቁመው ሲይዙት 16 በ9 የሆነው ምስላችን የስክሪኑን ሩብ ብቻ ይይዛል፤ ወርዱ ሰባት ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ አራት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ መስኮት። «ስልኩን አጋድሙት» ማለት ቀላል ነው። በእጃቸው ላይ ያለው የሰው ስልክ ሆኖ፣ ግራና ቀኝ ለቀስተኛ ተቀምጦ፣ ዓይናቸው በእንባ ተሸፍኖ፣ ማን ያጋድመዋል? አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ ሰፊ ምስል በዚህች መስኮት ውስጥ ሲገባ የሰው ፊት የጤፍ ቅንጣት ያህላል። ይህን በማጋነን አይደለም የምናገረው፤ ማስመሪያ ይዤ ለክቼዋለሁ፤ አንድ ሚሊ ሜትር ነው።

ቀጥ ያለ ሁለተኛ ሥርጭት እንላክ ቢባል መስመራችን ሁለት አይሸከምም። ከ1080ው ውስጥ ቀጥ ያለውን ቁራሽ እንቁረጥ ቢባል ከ1920 ነጥብ ወርድ የሚተርፈው 608 ነው፤ በግራና በቀኝ ትይዩ የቆሙት ሊቃውንት ሁለቱም ወገኖች ይቆረጣሉ። እኔ የያዝሁት ዘዴ የካሜራውን ቦታ መቀየር ነው። ካሜራው ከጎን ሳይሆን ከአስከሬኑ እግርጌ፣ ከፍ ብሎ፣ ወደ መቅደሱ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ያን ጊዜ ሣጥኑ፣ በላዩ ያለው ፎቶግራፍ፣ ካህኑ፣ የመቅደሱ መጋረጃ ሁሉም አንዱ ከአንዱ በላይ በመካከለኛው ሢሶ ውስጥ ይደረደራሉ። ሰፊው ስክሪን ላይ ግራና ቀኙ ባዶ ይመስላል። ትንሹ ላይ ግን የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። ዳላስ ያሉት «ጎኑ ምነው ባዶ ሆነ?» ብለው ጽፈዋል። ልክ ናቸው፤ ባዶ ነው።

የዚያን ቀን እናትየው ያዩት ግን እኔ ከላክሁት ከየትኛውም ደረጃ አልነበረም። ይህን ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። በሰፈራቸው ኔትዎርኩ ሲዳከም ባሕር ዳር ያለች የአክስት ልጅ ቴሌቪዥኗ ላይ ሥርጭቱን ከፈተች፤ ከዚያ በኢሞ ወደ ጎረቤቱ ልጅ ስልክ ደወለችና ስልኳን ወደ ቴሌቪዥኑ አዞረች። እናት ያዩት የምስል ምስል ነው። ማንም አላስተማራትም። ይህንኑ ብልሃት ግን የጨረቃው ጉዞ መሐንዲሶችም ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969 ከአፖሎ 11 የመጣው ምስል 320 መስመርና በሰከንድ 10 ምስል ብቻ ነበረው፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ደግሞ 525 መስመርና በሰከንድ 30 ምስል ይፈልጋል። ስለዚህ የመጣውን በአንድ ስክሪን ላይ አሳዩትና የቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ለፊቱ ደቅነው ያን አስተላለፉ። 625 መስመር ወዳላቸው አገሮች ሲሻገር ደግሞ አንድ ጊዜ ተለወጠ። በመቀበያው ጣቢያ የነበሩት ሰዎች ያዩት ምስል ዓለም ካየው ይጠራ ነበር። ዓለም ግን ያን ጥላ መሳይ ሰው አይቶ ትንፋሹን ዋጠ።

በመሰላሉ የተለያዩ ደረጃዎች ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሰዓታቸውም አንድ አይደለም። አንዱ ስልክ አሥር ሰከንድ፣ ሌላው አርባ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል፤ በምስል ምስል ሲሆን ከዚያም ይብሳል። ዳላስ ያለው የአጎት ልጅ በሌላ ስልክ ከእናትየው ቤት ጋር ተገናኝቶ ነበር። ሣጥኑ ሲነሣ እዚያ ሳሎን ዋይታ ተሰማ፤ በስልኩም ውስጥ ወደ እናት ቤት ገባ። እናት ስክሪኑ ላይ ካህኑ ገና ሲጸልዩ እያዩ፣ ልጃቸው እንደ ተነሣ በድምፅ ሰሙ። ይህን የሚያስተካክል ቁጥር በላፕቶፔ ላይ የለም።

ስለ ድምፅ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም አያከራክርም። ምስል ሲጎድል ሰው ይታገሣል፣ ድምፅ ሲቆራረጥ ግን ይዘጋዋል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት የሚሆን ድምፅ በሰዓት 30 ሜጋባይት አይሞላም። ድምፁን ከካሜራው ማይክሮፎን ሳይሆን በቀጥታ ከማጉያው ወስዶ፣ በሁሉም ደረጃ ላይ እኩል አድርጎ መላክ ከሁሉ የሚቀድም ነው። ከተቻለም ድምፅ ብቻ የሆነ አንድ ደረጃ በመሰላሉ ግርጌ መጨመር። ሪያድ ያለችው እኅት በሦስተኛው ቀን በወንድሟ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት ላከች፤ ጋሼ አሰሙኝ። እመቤቲቱ ስትገባ ስልኩን ገልብጣው ነበር፤ ሰሐን እያጠበች ፍትሐቱን እስከ መጨረሻ ሰምታለች። «ወንጌሉ ሲነበብ ሰማሁ፤ ስሙ ሲጠራም ሰማሁ» ትላለች። ስለ ምስሉ ምንም አላለችም።

በሙት ዓመቱ ጋሼ አገር ቤት ሄዱ። ያን በካርድ የተቀረጸውን 4ኬ ይዘው ለመሄድ ጠየቁኝ። የመንደር ቴሌቪዥን ላይነበብ ይችላል ብዬ ስለ ሠጋሁ ወደ 1080 አውርጄ በፍላሽ ሰጠኋቸው። ሲመለሱ ስለ ጉዳዩ ያጫወቱኝ ሳልጠይቃቸው ነው። ከጎረቤት ትልቅ ቴሌቪዥን ተውሰው እናታቸው ፊት ከፈቱላቸው። እማማ ሣጥኑን አልተመለከቱም አሉኝ፤ ያንን አይተውታል። «አቁምልኝ» አሉና ወደ ስክሪኑ ቀረቡ። በሰፊው ስክሪን ብቻ የሚታየውን ያን ጠርዝ፣ እኔ ባዶ ነው ብዬ የተውሁትን፣ በጣታቸው እየነኩ «ይህ ማነው? ይቺስ? ይህ የእገሌ ልጅ አይደለም?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ። ልጃቸው ሬሳ አጠገብ ማን ቆሞ እንደ ነበረ ማወቅ ፈልገው ነበር። በዚያን ዕለት በስልኩ ላይ የጤፍ ቅንጣት የነበረው ፊት ሁሉ አሁን ስም ይወጣለት ጀመር። ጋሼ የሚያውቁትን ይነግሯቸዋል፤ የማያውቁትን ወደዚህ እየደወሉ ይጠይቁላቸዋል። እማማ የእያንዳንዱን ስም እየደጋገሙ ይይዛሉ፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው ብድር አለውና። በየምስሉ እያስቆሙ ስለ ነበር የሦስቱን ሰዓት ፊልም ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጅቶባቸዋል።